የቴሌቪዥን ምስልዎን የሚረብሸው በአቅራቢያዎ ያለ ማሽን ይሆን?

የቴሌቪዥንዎ ምስል በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አንቴናውን ለመቀየር ከመቸኮልዎ በፊት ረብሻው የሚጀምርበትንና የሚያቆምበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ያህል ይመዝግቡ፤ ሰዓቱ በአቅራቢያዎ ካለ ፋብሪካ ወይም ብየዳ ቤት የሥራ ሰዓት ጋር ከገጠመ፣ ምንጩ ማሽን ሊሆን ይችላል። የብየዳ ማሽንም ሆነ ካርቦኑ (ወደሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ያለቀ ሞተር የሚፈጥረው ብልጭታ በሰፊ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ረብሻ ይረጫል። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ (AM)፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ከፍተው ቢዘዋወሩ፣ ጩኸቱ እየጎላ የሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ምንጩ ሊመራዎት ይችላል።

የሲግናል ማጉያ መግጠምን ግን አልመክርም፤ ረብሻውንም አብሮ ያጎላዋልና። ይልቁንም አንቴናውን ከማሽኑ ያርቁ፣ ያረጀውንም ገመድ በደንብ በተሸፈነ ኮአክሲያል ገመድ (የውስጥ ሽቦው በብረት መረብ በተከበበ የአንቴና ገመድ) ይተኩ። መዝገብዎን ለማሽኑ ባለቤት በአክብሮት ያሳዩ፤ ካርቦኑን መቀየር ወይም የረብሻ ማጣሪያ መግጠም ችግሩን ሊያቃልለው ይችላል።