«ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ከማለታችሁ በፊት፦ የጥላቻ ወንጀል ቁጥር ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኤፍቢአይ የዓመቱን የጥላቻ ወንጀል (በዘር፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው ጥላቻ ተነሳስቶ የሚፈጸም ወንጀል) ቁጥር ባወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ «ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» እኔ አሜሪካ ውስጥ ለአማርኛ አድማጮች የሚተላለፉ ዜናዎችን አርማለሁ። ጸሐፊው ይቀያየራል፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማን እንደቆጠረ ሳይጠይቁ ዓመትን ከዓመት ማወዳደር

የ2021ን ነገር ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል። የዚያ ዓመት ሪፖርት መጀመሪያ ሲወጣ 7,262 ክስተት ይላል። የ2020ው 8,263 ነበር። በቃ፣ «በአሜሪካ የጥላቻ ወንጀል ቀነሰ» ተብሎ ተለጠፈ። በእስያውያን ላይ የሚደርሰው ጥቃት አገር ምድሩን ባነጋገረበት ዓመት! እንዴት ሊቀንስ ቻለ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ኤፍቢአይ የድሮውን አሠራር ትቶ ናይበርስ ወደሚባል አዲስ የመረጃ ሥርዓት ተሻገረ። ብዙ ፖሊስ መምሪያዎች በጊዜው አልደረሱም። ከ18,000 በላይ ከሚሆኑት መምሪያዎች መረጃ የላኩት 11,834 ብቻ ነበሩ። ዓመት ቀደም ብሎ ከ15,000 በላይ ልከዋል። የኒውዮርክና የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በመጀመሪያው ቆጠራ ውስጥ የሉበትም። እነሱ የሌሉበት የአሜሪካ ቁጥር ምን ዓይነት ቁጥር ነው? መርካቶን ዘሎ የአዲስ አበባን ንግድ እንደ መቁጠር ነው። በማርች 2023 የቀሩት ተጨምረው እንደገና ሲወጣ 10,840 ሆነ። ቀነሰ የተባለው ጨምሮ ቁጭ አለ። እርማቱን ግን ማን ያነባል?

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ስንት መምሪያ እንደላከ እዩ። ተደብቆ አይደለም፤ ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ነው የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ሰከን ብሏል፦ በ2022 11,634፣ በ2023 11,862፣ በ2024 11,679። እነዚህን ሦስቱን ማወዳደር ያስኬዳል። ከመጨረሻው ትንሽ ዝቅ ማለት ተነስቶ «ጥላቻ እየከሰመ ነው» ማለት ግን አያስኬድም።

ዜሮን ሰላም ብሎ ማንበብ

በ2018 አላባማ ያስመዘገበችው የጥላቻ ወንጀል ዜሮ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1,000 በላይ። «እንግዲያው አላባማ ነው መኖር» ያለኝ ሰው አለ፤ ይቀልድ ይሁን የምሩን እስካሁን አልገባኝም።

በዚያው ዓመት መረጃ ከላኩት 16,039 መምሪያዎች አንድ እንኳ ክስተት ያስመዘገቡት 2,026 ናቸው። ሌላው በሙሉ ዜሮ። ለኤፍቢአይ መላኩ ራሱ በፈቃደኝነት ነው። ብዙ ያስመዘገበ ከተማ ብዙ ጊዜ ፖሊሱን ያሠለጠነ፣ ጉዳዩን የሚከታተል ክፍል ያለው ከተማ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለውን «የከፋ ቦታ» ብላችሁ ስትፈርጁ የሠራውን ነው የምትቀጡት።

በ2017 ሻርለትስቪል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የነጭ ዘረኞችን ሰልፍ በሚቃወሙ ሰዎች ላይ መኪና ነድቶ ሄዘር ሄየርን የገደለው ሰው በፌዴራል ፍርድ ቤት የጥላቻ ወንጀል መፈጸሙን አምኗል። የሷ ሞት ግን በዚያ ዓመት ብሔራዊ የጥላቻ ወንጀል ቁጥር ውስጥ አልገባም። በ2016 ተልሳ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በጎረቤቱ የተገደለው ካሊድ ጀባራም እንዲሁ። በ2021 ሪፖርቱን ለማሻሻል የወጣው ሕግ በሁለቱ ስም የተጠራው ለዚህ ነው። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ግድያ ካልተቆጠረ፣ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ በጥፊ የተመታውን ልጅ ማን ይቆጥረዋል?

«በታሪክ ከፍተኛው» ማለት

በኖቬምበር 1988 ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ስኪንሄድ በሚባሉ ነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ሲገደል ይህ ብሔራዊ ቆጠራ ገና አልነበረም። የቆጠራው ሕግ የተፈረመው በ1990 ነው። «ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ» በሉ፤ አይከብድም።

ክስተትና ወንጀልን መደባለቅ

አንድ ክስተት ብዙ ወንጀል፣ ብዙ ተጎጂ ሊኖረው ይችላል። በ2019 ክስተቱ 7,314፣ ወንጀሉ 8,559 ነው። ግድያ ላይ ደግሞ አንድ ቀን ዓመቱን ይለውጠዋል፦ በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት 51 የጥላቻ ግድያዎች 22ቱ በኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ በአንድ ቀን ተኩስ የተገደሉት ናቸው።

ፐርሰንት ብቻ መጻፍ

ከ1 ወደ 4 መሄድም 300 ፐርሰንት ነው። ዋናውን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። አንዳንዴ ደግሞ ዝላዩ እውነት ነው፤ በሙስሊሞች ላይ የተመዘገበው በ2000 28 ክስተት ነበር፣ በ2001 481 ገባ። ምክንያቱን የማያውቅ የለም።

«ደበቁን» ማለት

የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ ቤት ለቤት በሚያደርገው ጥናት ከ2004 እስከ 2015 በዓመት በአማካይ 250,000 ያህል የጥላቻ ወንጀል እንደሚፈጸም ገምቷል። ይህንን ከኤፍቢአይ ቁጥር ጎን አስቀምጦ «አያችሁ፣ መንግሥት ደበቀ» የሚል ቪዲዮ በየጊዜው ይመጣልኛል። አንዱ ሰዉን ጠይቆ ነው የገመተው፤ ሌላው ፖሊስ የጻፈውን ነው የቆጠረው። በዚያው ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለፖሊስ አልተነገረም።

ለፖሊስ ግማሹን ብቻ መናገር

ይሄኛው የዜና ሰዎች ስህተት አይደለም፣ የኛው ነው። አንድ ጋሼ የምላቸው ታክሲ ነጂ መስታወታቸው ተሰብሮባቸው ሪፖርቱን እንዳነብላቸው አመጡልኝ። ሰዓቱ አለ፣ ታርጋው አለ፣ የትኛው መስታወት እንደሆነ አለ። ሰባሪው ጥቁርነታቸውን እየጠራ «ወደ አገርህ ሂድ» ማለቱ የለም። «ጋሼ፣ ለምን አልነገሯቸውም?» ስላቸው፣ «ስድብ ምን ይሠራላቸዋል ልጄ? መስታወቱን ነው የጠየቁኝ» አሉ።

በናይበርስ ቅጽ ላይ የጥላቻ መነሻ የሚሞላበት ቦታ አለ። በጥቁር ላይ ከሆነ 12 ነው። ምንም ከሌለ 88። ፖሊሱ የሰማው ነገር ከሌለ 88 ብሎ ያልፋል፤ ያ ወረቀት ተራ የንብረት ጉዳት ሆኖ ዋሽንግተን ይገባል። ለኢትዮጵያዊ የተለየ ኮድ እንደሌለም እወቁ፤ «በኛ ላይ ስንት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ መዝገብ መልስ አይገኝም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ስድብ ብቻውን ወንጀል አይደለም። አገር ቤት የጥላቻ ንግግርን የሚቀጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1185/2012 (ይሄኛው ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፤ እዚህ ግን ንግግሩ ከድብደባ፣ ከዛቻ ወይም ከንብረት ማጥፋት ጋር ሲሆን ነው ማስረጃ የሚሆነው። ስለዚህ የተባለውን ቃል በተባለበት ቋንቋ፣ እንዳለ ንገሩ። ነውር ነው ብላችሁ አታለዝቡት። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁ አያስተርጉም፣ ስድቡን ለናቱ ሲል ይዘለዋል። የጉዳዩን ቁጥር ያዙ። የቀረ ነገር ካለ በዚያ ቁጥር ሄዶ ተጨማሪ ቃል ማስጻፍ ይቻላል። ጋሼም አጉረምርመው ሄደው አስጻፉ፤ 88ቱ መለወጡን ግን የነገራቸው የለም።