በአውስትራሊያ በረሃ ጎማ ሲቀደድ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከማሪ ተነስቶ በዊልያም ክሪክና በኡድናዳታ አልፎ ማርላ ላይ ከስቱዋርት አውራ ጎዳና ጋር የሚገናኘው 620 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጠጠር መንገድ፣ ልጆችና ድንኳን ጭኖ የወጣን ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚፈትነው በጎማ ነው። ዘይት፣ ውሃና ፍሬን ከቤት ሳይወጣ መታየታቸውን እንደ ታወቀ ነገር አልፈዋለሁ።

ምልክቱ የጎማው ጥርስ ገና አዲስ ሳለ ጎኑ ተሰንጥቆ ወይም ተተልትሎ መገኘቱ ነው። ባለመኪናው ሁልጊዜ ድንጋዩን ይከስሳል፤ ድንጋዩ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ለአስፋልት በ40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ ስለታም ድንጋይ ሲረግጥ እሺ ብሎ ስለማይተጣጠፍ ይቆረጣል። ንፋሱ ያነሰው ደግሞ በከባድ ጭነትና በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ ያለ ዕረፍት እየተጣጠፈ ይግላል፤ በሙቀቱም ንብርብሩ ይላቀቃል።

ስለዚህ ጠጠሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ንፋሱን ወደ 28 ወይም 30 ማውረድና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር አለማለፍ ይገባል። አንድ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ቀዝቃዛ ሳለ ከተነበበው በ4 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ካለ ልክ ነው፣ ከ6 በላይ ከጨመረ ግን ጎማው ከመጠን በላይ እየጋለ ስለሆነ ፍጥነት መቀነስ ወይም ጥቂት ንፋስ መጨመር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታየ ተብሎ ከጋለ ጎማ ንፋስ ማስተንፈስ ፈጽሞ አይገባም። ፀሐይ በሚመታው የመኪናው ጎን ያለው ጎማ በጥላው ጎን ካለው ከፍ ብሎ መነበቡም ሊያስደነግጥ አይገባም።

አንድ አባወራ ጠጠሩን በትክክል በ28 ጨርሶ ማርላ ደረሰ። ከሲጋራ መለኮሻው የሚሰካው ርካሽ ኮምፕሬሰሩ የመጀመሪያውን ጎማ ሳይሞላ ተቃጠለበት፤ ነዳጅ ማደያ አጠገቡ እያለም እዚያ መሙላት ሰልችቶት ጣሪያው ላይ እንደ ተራራ የከመረውን ዕቃ ይዞ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተፈተለከ። የኋላ ግራ ጎማው ከቸርኬው ተላቅቆ ሲበተን ስኮርታው የተገኘው ከድንኳኑ፣ ከማቀዝቀዣውና ከልጆቹ ብስክሌት ሥር ነበር፤ ያውም በዝግታ ጎሚስታ ጋ ለመድረስ ብቻ የሚያገለግለው ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ። እንዲህ ያለውን ስኮርታ ይዞ በረሃ መግባት ስኮርታ ሳይዙ ከመግባት አይሻልም።

ሌሎቹ የመንገዱ ችግሮች ብዙም አያጋጥሙም። የላመ አቧራ በኋላ በር ከገባ፣ መስኮቶቹን ዘግቶ የውጭ አየር የሚያስገባውን ማራገቢያ መክፈት ይበጃል። ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ካለ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ዋናውን ባትሪ ጨርሶታልና የራሱ ባትሪ ይሰጠው። ደረቅ ሣር በጭስ ማውጫው አካባቢ ከተጠራቀመ እሳት ያስነሳል፤ በየዕረፍቱ ይጠረግ። የተጎታቹ የጎማ ዳዶዎች እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበው መንገድ ስለሚላሉ በየዕለቱ ይጥበቁ።

ሙሉ መጠን ያላቸው ሁለት ስኮርታዎች፣ እንዲሁም ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ ሌላውን ዕቃ ሳያወርዱ በሚደረስበት ቦታ ይጫኑ።