የልጅዎን ልደት ፋሲል ግንብ ውስጥ እንዴት ማክበር ይቻላል?

ልጄ አራት ዓመት የሞላት ዕለት አስራ ዘጠኝ ሕፃናት ይዤ ፋሲል ግንብ ገባሁ። አስጎብኚም ቀጥሬ ነበር። እሱ ንጉሥ ከንጉሥ እያስከተለ ሲያስረዳ አንዱ «ሽንቴ መጣ» አለ፣ ሁለቱ በጠጠር ተጣሉ፣ ባለ ልደቷ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ኬኩም በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ነው የመጣው። ክዳኑን ስንከፍት ስሟ ከክዳኑ ጋር ተነሳ።

በዓመቱ እንደገና ሞከርኩ። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ተጋባዥ መቀነስ

ለአምስት ዓመት ልጅ አምስት ወይም ስድስት ጓደኛ ይበቃል። ለሁለት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ግቢው ውስጥ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ልጅ ደግሞ ደረጃ ካየ አይቆምም። «የጎረቤት ልጅ እንዴት ይቀራል?» የሚል ቅሬታ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ ለሁለት ከፈልኩት፦ ጠዋት ግንቡ ለጥቂቶቹ፣ ከሰዓት በኋላ ድፎው ለሰፈሩ ሁሉ። ማንም አላኮረፈም።

ቀን መምረጥ

በጥምቀት ሰሞን አታስቡት፤ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል። ሐምሌና ነሐሴ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋለ ወይም ጾም ከሆነ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ባይጾሙም እናቶቻቸው ይጾማሉ። ስለዚህ ወይ የጾም ኬክ ማዘዝ፣ ወይ ወደ ቅዳሜ ማዛወር ነው። በሁለት ቀን የተጣላ ሕፃን አላየሁም።

ከአንድ ቀን በፊት ብቻዎን ይሂዱ

በሩ ላይ የልጅ ትኬት ስንት እንደሆነ፣ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ በጥገና የተዘጋ ቦታ ካለ ይጠይቁ። የፋሲል መዋኛ በዚያው ትኬት ያስገባ እንደሆነም አብረው ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ይዩ። ይኼን ንቄ ነው መጀመሪያ የተቀጣሁት።

ማታ ከብስኩት ካርቶን ዘውድ ይቁረጡ። ለሁሉም ልጅ፣ ለሁሉም! ለባለ ልደቷ ብቻ ከሰሩ ግቢው ውስጥ የሥልጣን ሽኩቻ ይነሳል። ለዚያ ቦታ አዲስ ነገር ባይሆንም።

ቀጠሮ

ግንቡ አጠገብ ካለው ጃንተከል ዋርካ ሥር፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ለወላጆች ግን 2:30 ብላችሁ ንገሯቸው። ጎንደር ጠዋት ስለሚበርድ ሹራብ ይያዝ፤ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ ለፀሐዩ ኮፍያ ያስፈልጋል።

ጨዋታው

ውጭ አገር የሕፃናት ሙዚየም የሚባል አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1899 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተከፈተ። እዚያ ልጅ እየነካና እየፈታታ ነው የሚማረው። የእኛ ግንብ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ አይፈታታም፣ ግድግዳው ላይ አይወጣም፣ አይጻፍበትም። ስለዚህ ለልጁ ሌላ ሥራ መስጠት ያስፈልጋል። እኔ እንቆቅልሽ ሰጠኋቸው።

ግቢው ውስጥ ካሉት ግንቦች እያንዳንዱ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት «እንቆቅልህ!» በሉ። «ምን አውቅልህ!» ይላሉ።

*አራት እንቁላል በራሱ ተሸክሞ አንድም ያልሰበረ?* መልሱ የአፄ ፋሲል ግንብ ነው። በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ክብ ማማዎች ያስቆጥሯቸው፤ እንቁላል ግንብ የተባለው በነሱ ነው። ቁመቱ ወደ 32 ሜትር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ስለነገሠው ፋሲለደስ ለሕፃን ዓመተ ምሕረት አይነገርም። «የአያትሽ አያት ሳትወለድ በፊት» ይበቃል።

*ኮርቻው አለ፣ ፈረሱ የለም?* የአፄ ኢያሱ ግንብ። አናቱ እንደ ኮርቻ ነው። እዚህ ጋ አንዱ «ለምን ፈረሰ?» ማለቱ አይቀርም። የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ይዞት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደብድበውታል። «በጦርነት ጊዜ ነው» ብላችሁ እለፉ። ካልሆነ ልደቱ የቦምብ ጨዋታ ይሆናል።

*ጌታው ሄዷል፣ ቤቱ ግን አሁንም ያስፈራል?* የአንበሶቹ ቤት። እውነተኛ አንበሶች ነበሩበት። በየተራ ያግሱ! የእኔዋ እስከ ዛሬ የምታወራው ይኼን ብቻ ነው።

መልስ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። የእኛዎቹ ባሕር ዳርን ሰጡ፣ ደባርቅን ሰጡ፣ አዲስ አበባንም ያለ ምንም ክርክር ሰጡ። ጎንደርን ስጡ ሲባሉ ግን ሁሉም እምቢ አሉ።

ትርፍ ጊዜ ካለ በሮቹን ፈልጉ። ግቢው አስራ ሁለት በር አለው። እምቢልታ በር ሲባል አንዱ እምቢልታ ይንፋ፣ ባልደራስ በር ሲባል (ባልደራስ የፈረሶች አለቃ ነው) ሁሉም ፈረስ ይሁን። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ግን አትቆዩ። ሲደክማቸው ጥላ ሥር ወረቀትና ከለር ስጧቸው፤ ግንቡን ይሳሉ። ሻማ እዚያ አይለኮስም፤ የቆየ እንጨት ያለበት ቤት ነው።

አቅም ከተረፈ

መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በባጃጅ ቅርብ ነው። ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ከቀሃ ወንዝ እየመጣ። በሌላ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ልጆች ግን ግድም አይሰጣቸው። የአጥሩን ድንጋይ እንደ እባብ የጠመጠመውን የዛፍ ሥር ያያሉ። አጠገቡ ዞብል የሚባል ፈረስ መቃብር ነው እየተባለ የሚነገርለት ትንሽ ቤት አለ። ካለቀሱ ወይም ካዛጉ ግን ቀጥታ ወደ ቤት።

ኬኩ

ቤት ይጠብቅ። ባጃጅ ላይ አይወጣም። ለመንገድ ውኃና ቆሎ ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሲመጡ፣ ግንብ የዋሉት ዘውዳቸውን እንደደፉ «እንቆቅልህ!» እያሉ ሌሎቹን ማስጨነቅ ይጀምራሉ። በዚያ ሰዓት ፈንዲሻው እንዳያልቅባችሁ፣ አብዝታችሁ አፈንዱ።