ስለ ትርኢት ፈረስ ስትከራከሩ ጣታችሁን አስቀድሙ

ባለፈው ዓመት ሃኖቨር ውስጥ አንድ ክርስትና ላይ ተከራክሬ ተረታሁ። አንድ ጋሼ በስልካቸው የድሬሳዥ ቪዲዮ ያያሉ፤ ፈረስ በጋላቢው ትእዛዝ እርምጃውን አሳምሮ የሚያሳይበት ውድድር ነው። ጥቁር ፈረስ ነው፤ ጋማው ተጎንጉኗል፣ በሙዚቃ እግሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። «እኛ አገር ፈረስ ጋሪ ይጎትታል፤ እዚህ ሙዚቃ ተከፍቶለት ይጨፍራል። ታድሎ!» አሉ። እኔ ብው አልኩ። «ጋሼ፣ እየተሰቃየ እኮ ነው!» «በምን አወቅህ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፋንድያ የዛቅኩ ሰው «ዓይኑ ያስታውቃል» ብቻ አልኩ። ዶሮው እስኪቀርብ ተሳቀብኝ።

የምሠራው ሰሜን ጀርመን ውስጥ በአንድ የውድድር ፈረሶች ጋጣ ነው። ድሮ ቢሆን ባልደራስ እባል ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ባልደራስ የጋጣው ሹም ነው፤ እኔ የያዝኩት አካፋ ነው፤ ይሁን። ከዚያ ክርስትና በኋላ ግን አከራከሬን ቀየርኩ። ልጆቻችሁን ግልቢያ የምታስተምሩ ወይም እንደኔ ቪዲዮ አይታችሁ ደማችሁ የሚፈላ ካላችሁ፣ ይኸው።

መጀመሪያ ዋናውን ሜዳ ተዉትና ማሟሟቂያው ጋ ሂዱ። ትርኢቱ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ነው፤ ሁሉም ሰው ልብሱንም ጠባዩንም አሳምሮ የሚገባበት። ማሟሟቂያው ግን ግማሽ ሰዓትም ከዚያም በላይ ይወስዳል። አጥሩን ተደግፋችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁሙ። ማንም አይከለክላችሁም።

ከዚያ አፍንጫው ላይ የሚዞረውን ጠፍር እዩ። ለኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው።

ፈረስ የልጓሙ ብረት ሲያስጨንቀው አፉን ይከፍታል። አፍ ከተከፈተ ዳኛው ነጥብ ይቀንሳል። መፍትሔው የጋላቢውን እጅ ማለስለስ ነበር፤ እሱ ግን ዓመታት ይፈጃል። ጠፍሩን አንድ ቀዳዳ ማጥበቅ ሁለት ሰከንድ ነው። ፈረሱ አፉ ተዘግቶ «የተረጋጋ» ይመስላል።

ልኩ ሁለት ጣት ነው። በጠፍሩና በአፍንጫው አጥንት መሃል ሁለት የአዋቂ ጣት ካልገባ ጠብቋል። ልብ በሉ፣ ጣቱ የሚገባው ከላይ አጥንቱ ላይ እንጂ ከጎን አይደለም። ከጎን በኩል ስጋው ስለሚጎደጉድ ሦስት ጣትም ይገባላችኋል። ብዙ ሰው የሚያጭበረብረው እዚያ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በጣት ውፍረት መጨቃጨቁ ሰልችቶት ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ መለኪያ መሣሪያ አስገብቷል። መሣሪያው ከአጥንቱ ላይ ያልፋል፣ ልኩም 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አሠልጣኙ «አንድ ቀዳዳ ጨምር» ሲለኝ ጨመርኩ። ውድድሩ አለቀና ልጓሙን አወለቅኩለት። ፈረሱ ግንባሩን ደረቴ ላይ ጣል አድርጎ ላይ ታች ያሽ ጀመር። ወደደኝ ብዬ ፎቶ ተነሳሁና ለእናቴ ላክሁላት። ማታ ስልኬን ሳይ ፎቶው ላይ አፍንጫው አጥንት ላይ ተጋድሞ የቀረ ቦይ አየሁ። ፀጉሩ ተኝቶ፣ ቆዳው ገባ ብሎ። ለካ እያከከው ነበር። ፎቶው እስከ ዛሬ ከእናቴ ቴሌቪዥን በላይ ተሰቅሏል፤ አልነገርኳትም።

ቀጥሎ ሰዓት ያዙ። «ይሰቃያል» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፤ ቁጠሩ። ስው ዳይሰን የተባሉ እንግሊዛዊት የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የሚጋለብ ፈረስ ሲያመው የሚያሳያቸውን 24 ምልክቶች ዘርዝረዋል። ጆሮ ለአምስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ መተኛቱ፣ አፍ ለአሥር ሰከንድ መከፈቱ፣ የዓይኑ ነጭ መታየቱ፣ ጭራውን ደጋግሞ መወርወሩ ከነሱ መሃል ናቸው። ስምንትና ከዚያ በላይ ከተገኘ ፈረሱን አጥንቱን ወይም ጡንቻውን ሳያመው አይቀርም። አንዷን ብቻ ይዛችሁ ግን አትነሱ። ጭራውን ዝንብ ነክሶት ሊሆን ይችላል። እኔ አንዴ በጭራ ብቻ ከሰስኩና አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ዝንቡን በጣቷ አሳየችኝ።

አንገቱንም በሰዓት ያዙት። አገጩ ደረቱን እስኪነካ አጥፈው ሲያስኬዱት ታያላችሁ፤ ጀርመኖቹ ሮልኩር ይሉታል። ፈረስ እንዲህ ሲታጠፍ ፊት ለፊቱን አያይም፣ የሚያየው መሬቱን ነው። የሚተነፍሰው ደግሞ በአፍንጫ ብቻ ስለሆነ ጉሮሮው ሲታጠፍ አየሩም ይጠበዋል። ፌዴሬሽኑ በ2010 እ.ኤ.አ. ሎዛን ላይ ተሰብስቦ በጉልበት የሚደረገውን ከልክሏል፤ ያለ ጉልበት አንገትን ዝቅ አድርጎ ማሠራቱን ግን ፈቀደ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል። በጉልበት ነው ወይስ ያለ ጉልበት የሚለው ላይ ስትጨቃጨቁ ይመሻል። ደቂቃው ግን ደቂቃ ነው።

ስለ ጋማ ጉንጉኑ አትድከሙ። ሹሩባ የተሠራች ሁሉ ታውቀዋለች፤ ከጠበቀ ግንባር ይወጥራል፣ ካልጠበቀ ምንም አይደል። የአፍንጫና የዓይን ዙሪያ ረጃጅም ፀጉር ግን ሌላ ነው። ፈረስ ከአፍንጫው ሥር ያለውን አያይም፤ ገብስና ጠጠሩን የሚለየው በዚያ ፀጉር ነው። ፊቱ ለስላሳ እንዲመስል ይላጩት ነበር። በፌዴሬሽኑ ውድድሮች ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተላጨ ፈረስ አይወዳደርም። ልጃችሁ ማሽን ይዛ ካያችኋት ያንን ንገሯት።

አሁን የሚመልሱላችሁን ልንገራችሁ።

«ስድስት መቶ ኪሎ ነው፤ ካልፈለገ ማን ያስገድደዋል?» ይሏችኋል። ይሄ ከሁሉ የሚበዛው ነው። የባሕር ዳር ወይም የደብረ ብርሃን ጋሪ ፈረስስ? እሱም ባለጋሪውን መጣል ይችላል፤ ግን ገጣባ ጀርባውን ይዞ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። መታዘዙ አልጎዳውም ለማለት አያበቃም። ይህን ምሳሌ ለጋሼ በኋላ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ልጅ ሳሉ ጋሪ ነድተዋል መሰለኝ።

«ዳኛው ካለፈው ምን አገባህ?» ይሏችኋል። እዚህ ላይ ዘመናዊ ፔንታትሎንን አንሱ፤ አምስት ውድድር በአንድ ላይ የያዘ ስፖርት ነው፣ ግልቢያም አንዱ ነበር። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ አንዲት ጀርመናዊት የማታውቀው ፈረስ በዕጣ ደርሷት እምቢ አላት፤ አሠልጣኟ ፈረሱን በቡጢ ስትመታ በቴሌቪዥን ታየ። ከፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላ ግልቢያው ከዚያ ስፖርት ወጥቶ በመሰናክል ሩጫ ተተካ። ፈረስ ጋልበው የማያውቁ ሰዎች አይተው ስላልወደዱት ጭምር ነው። ስለዚህ ያገባኛል ብትሉ ትክክል ናችሁ።

እንግሊዛዊቷን የድሬሳዥ ኦሎምፒክ ባለወርቅ ሻርሎት ዱዣርደንን ግን በጥንቃቄ አንሷት። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ፈረስ እግሩን በአለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ከፓሪስ ራሷን አገለለች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ አንድ ዓመት ታገደች፣ 10,000 የስዊስ ፍራንክም ተቀጣች። «ሁሉም እንደሷ ነው» ካላችሁ ክርክሩ ያኔ አበቃ፤ አጠገባችሁ ለፈረሷ ፖም የምትቆርስ ልጅ ቆማለች። «የኦሎምፒክ ባለወርቅ ቪዲዮ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እሱን የሚመልስ አላገኘሁም።

ልጆቹን አትዝለፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል። ጠፍሩን አጥብቂ ያላት አሠልጣኙ ነው፣ ጥያቄያችሁም ለሱ ይሁን። ሲጠየቅም «ሁለት ጣት ማስገባት ይቻላል?» ይባል፤ «ለምን ታሰቃያላችሁ?» አይባል። የመጀመሪያው «አዎ» ወይም «አይ» አለው። ሳታስፈቅዱ ደግሞ ጣታችሁን አታስገቡ። ይነክሳል፣ አሠልጣኙም ፈረሱም።

የኛንም ቤት ላንሳ። የተወለድኩት እንጅባራ አካባቢ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ ኮርቻው፣ ግላሱ፣ ጉግሱ። ከሁለት ዓመት በፊት ለበዓሉ አገር ቤት ሄጄ የአጎቴን ዳማ ፈረስ ሳይ፣ ጋማው የሚያልቅበት ትከሻው ላይ ነጭ ፀጉር በቅሎበታል። ኮርቻ ቆንጥጦት የዳነ ቦታ እንዲህ ነጭ ያወጣል። «ጀርመን አገር እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። አጎቴ ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረሰኝም። «አባ ዳኘው ዓድዋ ሲዘምት ጀርመን ጠይቆ ነበር?» አለኝ። ሰው ሳቀ። ሁለተኛ ሽንፈት።

በማግስቱ ጠዋት ሰው በሌለበት ሄድኩ። ምንም አልተናገርኩም። «አጎቴ፣ እስቲ መዳፍህን ስጠኝ» ብዬ ከፈረሱ ጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ ጫን እያለ እንዲያልፍ አደረግኩት። አንድ ቦታ ሲደርስ ፈረሱ ጀርባውን ሰበር አድርጎ ከእጁ ሸሸ። አጎቴ እንደገና ጫነ። እንደገና ሸሸ። ወደ ሌላው ጎን ዞሮ ሞከረ። ከዚያ እጁን በጋቢው ጠርጎ ወደ ቤት ገባ።

በበዓሉ ቀን ዳማው ኮርቻ ሳይጫንበት በግላስ ብቻ ደምቆ ሰልፉን ሄደ። አጎቴ በእግሩ ይስበው ነበር። ለምን እንዳልጋለበ ለጠየቀው ሁሉ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ይል ነበር፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ «አዎ፣ ጉልበቱን አሞታል» እል ነበር።