ኩርፊያን ትዕግሥት አትበሉት፦ ቁጣ ሲመጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወሎዬ አይቆጣም ይባላል። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ልመስክር፤ እንቆጣለን። ቁጣችንን በለስላሳ ቃል መጠቅለል ስለምንችልበት ነው የማይታየው። ከታች ያሉትን ስህተቶች ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ።

መቆጣቱን ራሱን ኃጢአት ማድረግ

ጌታችንም ተቆጥቷል። ማርቆስ 3፥5 ላይ፣ እጁ የሰለለውን ሰው በሰንበት ቢፈውስ ሊከሱት ያደቡትን ሰዎች በቁጣ አያቸው፤ ስለ ልባቸው ድንዛዜም አዘነ። ጳውሎስም ኤፌሶን 4፥26 ላይ «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ነው ያለው። «እኔ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነኝ» እያሉ ራስን መውቀጥ ንዴቱን አያበርደውም። «ተናድጃለሁ» ብሎ ማመኑ ይቀላል።

ኩርፊያን ትዕግሥት ብሎ መጥራት

እኛ አገር ትልቁ ይሄ ነው። ደሴ ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ የላይኛው ቤት ውሃ ለታችኛው ቤት ጣጣ ነው። ከበላያችን ያሉት እናት አሸንዳቸው ተሰብሮ ግድግዳችንን ያርሰው ነበር። አንዴ ነገርኳቸው፤ አልተሠራም። ከዚያ ዝም አልኩ።

ጠዋት «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» እላለሁ፤ ድምፄ ማር ነው። ቡና ሲያስጠሩኝ ግን ራሴን ያመኛል። ወይ ሥራ አለብኝ፣ ወይ እንግዳ መጥቶብኛል። ከሐምሌ እስከ ጥር እንዲህ ቆየሁ። ታግሻለሁ ባይ ነኝ እኮ! ቤት ውስጥ ስማቸው ሲነሳ ግን እህል አይወርድልኝም።

ያው የኤፌሶን ጥቅስ ሲቀጥል «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል። እኔ ስንት ፀሐይ አስገባሁ! ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል፣ ግራና ቀኝ አንገቴን ዝቅ አደርግና ከተጣልኳቸውም ካልተጣልኳቸውም ሰዎች ጋር እታረቃለሁ። እትዬ ሙስሊም ናቸው፤ እዚያ አይመጡም። ሰላምታው እሳቸውን የማይመለከት አድርጌ ወስጄው ነበር። ማቴዎስ 5፥24 ግን መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ታረቅ ነው የሚለው። የተጣላኸው ሰው የት እንደሚሰግድ አስቀድመህ አጣራ አይልም።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙ አልመከሩኝም። «ቡና ሲጠሩህ ሂድ» አሉኝ። ሄድኩ። አቦሉ ላይ ስለ ብርዱ አወራን። ቶናው ላይ አሸንዳውን አነሳሁት። ለካ ለሠራተኛ ከፍለው ኖሯል፤ ሰውዬው ሳይሠራው ነው የሄደው። «ተሠርቷል ብዬ! ምነው ዝም አልከኝ ልጄ?» አሉ። በረካው ላይ ዱዓ አደረጉ፤ እኔም አሜን አልኩ።

በማይመለከተው ሰው ላይ ማራገፍ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ይዘጋል። ሁለት ሰዓት ትቆማለህ። እዚያ ትንፍሽ አትልም። ቤት ገብተህ ልጅህ ላይ ትጮሃለህ። ኤፌሶን 6፥4 ልጆቻችሁን አታስቆጧቸው የሚለው ለአባቶች ነው። በር ላይ አምስት ደቂቃ ቆሞ መግባት እኔን ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

በጾም ማሳበብ

«ጾም ላይ ነኝ፣ አታናግሩኝ!» ኢሳይያስ 58፥4 ይህን ዓይነቱን ጾም «ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ብሎ ነው የገሠጸው። ሆዴን ስለማውቀው በዐቢይ ጾም ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ከባድ ወሬ አላነሳም። ከምግብ በኋላ ይደርሳል።

«ይቅርታ፣ ግን አንተም…»

ከ«ግን» ወዲያ ያለው ክርክር ነው። ይቅርታ ብለህ ዝም በል።

አሸንዳው? በዚያው ሳምንት ተሠራ። ሰኔ ላይ ደሞ በሌላ ጎኑ ማፍሰስ ጀመረ። የዚያኑ ቀን ማታ ሄጄ ነገርኳቸው።