በቀይ መስቀል ክበብ ለምታድጉ የደሴ ልጆች፦ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያደግኩት በቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ ነው። ዛሬ ፒያሳ ላይ ሰደርያውን የለበሱ ታዳጊዎች ሳይ ደስ ይለኛል፤ እኛ የተሳሳትነውን እነሱም ሲደግሙት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ስህተት ያልጨረሱትን ትምህርት ይዞ መቸኮል ነው። ሆጤ ሜዳ ኳስ ስንጫወት አንድ ልጅ አፍንጫው ደማ። ሮጬ ሄድኩና አንገቱን ወደ ኋላ አቃናሁት፣ ሰፈር ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ስለሚያደርግ። ልጁ ደሙን ዋጠው፣ ከዚያ አስመለሰው፣ እናቱም ደነገጡ። ትክክለኛው አስቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማድረግና ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ያህል ሳይለቁ መያዝ ነው፤ በአፉ ይተንፍስ። ቃጠሎም ላይ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም፣ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። የሚጥል በሽታ ለተነሳበት ሰው ደግሞ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ምንም አይጠቅመውም። የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ አንሱለት፣ ጭንቅላቱ ስር ጋቢም ጃኬትም አድርጉ፣ ሲያቆምለት በጎኑ አስተኙት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ማጠጣትማ በፍጹም!

ሁለተኛው፣ የተጎዳን ሰው በጥያቄ ማድከም። በ2013 ነሐሴ ላይ ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ እኛም ምዝገባ እናግዝ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን ታቅፈው ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ደብተሬን ይዤ እንዴት እንደወጡ፣ ማን ወደ ኋላ እንደቀረባቸው እጠይቃለሁ። «ልጄ፣ ይህን ከጠዋት ጀምሮ ስናገር ነው የዋልኩት፣ መጀመሪያ ውሃ ስጠኝ» አሉኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። ውሃውን አምጡ፣ «አብሽሪ እናቴ» በሉ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ። ማውራት ከፈለጉ ራሳቸው ያወራሉ። እርዳታ ሲቀበሉ ፎቶ ማንሳትም ያው ነው፤ እናንተን ቢያነሷችሁ ደስ ይላችኋል?

ስለ ምልክቱ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ልጅ የሚያቃልለው እሱን ነውና። የአንድ ጓደኛዬ አባት «ደረትህ ላይ መስቀል ምን ይሠራል?» ብለው ሊያስወጡት ነበር። እኛም ማስረዳት ሲገባን ተቆጣን፣ ስህተቱ የኛ ነው። ምልክቱ የስዊዘርላንድን ባንዲራ ቀለም ገልብጦ የተወሰደ እንጂ የሃይማኖት አይደለም፣ ቀይ ጨረቃም የዚያው እንቅስቃሴ ምልክት ነው። ይህን ስንነግራቸው ልጃቸውን ተዉልን። ሰደርያውን ለብሶ ሰልፍ መውጣት ወይም ታክሲ ላይ በነጻ ለመሳፈር መጠቀም ደግሞ የባሰ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ በወራት ልዩነት፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይችኑ ደሴን ሲደበድቡ ምልክቱ ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ምልክቱ ሰው የሚያድነው የሚያየው ሁሉ ሲያምነው ብቻ ነው። የከተማችን ልጅ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት።

ቤታችሁንም አትርሱ። እኔ ለሰው ውሃ ስቀዳ እናቴ ጀሪካን ተሸክማ የመጣችበት ቀን አለ።

የመጨረሻው ችግኝ ነው። በክረምት ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ መትከል ቀላል ነው፣ ዝናቡ አለ፣ ሁሉም ይመጣል። ከመስከረም በኋላ ግን ፍየሉ ይገባል፣ አፈሩ ይደርቃል። አንድ ዓመት ተክለን እስከ ጥር ዞር ብለን አላየንም፤ ስንሄድ ያገኘነው ደረቅ እንጨትና የተጣለ የችግኝ ላስቲክ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የተከልነው ግማሹን ብቻ ነው፤ ግን አጠርነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም በየተራ ውሃ ይዘን ወጣን።