ኳስ ለሚወድም ለማይወድም፦ ጨዋታ የሚታይበት ግብዣ እንዴት ይዘጋጃል?

ኳስ እንይ ብላችሁ ሰው ቤታችሁ ስትጠሩ ግማሹ ለጨዋታው፣ ግማሹ ለእናንተ ሲል ነው የሚመጣው። አንዱ አሰላለፉን በቃሉ ይዞታል። አብሮት የመጣው ጓደኛው ደግሞ ማን ከማን እንደሚጫወት እንኳ አልጠየቀም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው እንዲያመሹ ከፈለጋችሁ አንድ ሶፋ ላይ ደርድራችሁ አትተዋቸው።

1. ስትጠሩ ሰዓቱን በግልጽ ንገሩ

90 ደቂቃ የሚባለው ጨዋታ በ90 ደቂቃ አያልቅም። የ15 ደቂቃው እረፍትና የባከነው ሰዓት ሲደመር ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ሌላ 30 ደቂቃ ጭማሪ ሰዓትና መለያ ምት ሊከተል ይችላል። ለቲፎዞ ይሄ ጉርሻ ነው፤ ኳስ ለማይወድ ሰው ግን ቀድሞ ካላወቀው ሰቀቀን ነው። ስለዚህ ከፈለገ በእረፍት ሰዓት እንዲመጣ በግልጽ ንገሩት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እፎይ ይላል።

2. ቲቪውን ቀድማችሁ ሞክሩ

በኢንተርኔት የሚመጣ ስርጭት ብዙ ጊዜ ከሳተላይት ዘግይቶ ይደርሳል። እናንተ ቤት ኳሱ ገና መሃል ሜዳ እያለ ጎረቤት "ጎል!" ብሎ ይጮሃል። ምርጫ ካላችሁ ሳተላይቱን ተጠቀሙ። ኢንተርኔት ከሆነ ግን ቲቪውን በኬብል አገናኙት፤ እንግዳው ሁሉ ዋይፋይ ላይ ሲገባ ምስሉ መቆራረጡ አይቀርም። ውጤት የሚልኩ የስልክ አፖችም ድምፃቸው ይጥፋ።

ፕሮጀክተርን በተመለከተ ደጋፊው አይደለሁም። ምስሉ እንዲታይ ክፍሉ መጨለም አለበት። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ኳስ የማያይ ሰው ከእንቅልፍ በቀር ምን ያደርጋል?

3. አቀማመጡ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ግብዣው የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ቲቪውን መሃል አድርገው ወንበር ሁሉ ወደዚያው ያዞራሉ። ኳስ የማይወደው ሰው ማውራት ሲጀምር "ሽሽ!" ይባላል፤ ሁለቴ ከተባለ ስልኩን ያወጣል።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ያበዙታል። አንድ ቤት ኳስ የማይወዱትን ጓዳ አካባቢ ለብቻቸው አስቀምጠዋቸው አይቻለሁ። ሳሎን ጩኸት ሲሰማ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። እረፍት ሳይደርስ ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። የተዘጋ በር፣ ለወሬ ተብሎም ቢሆን፣ እንደ ቅጣት ይታያል።

ጥሩው ከሳሎን ቀጥሎ ያለና በሩ ክፍት የሆነ ቦታ ነው፤ ጩኸቱ የሚሰማበት፣ ግን ሳይጮሁ የሚወራበት። ያላችሁ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ለወሬኞቹ ከቲቪው ጎን ወንበር አዘጋጁ። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ይተያዩ፣ ስክሪኑ ግን በቀጥታ አይታያቸው። የሚንቀሳቀስ ምስል ፍላጎት የሌለውንም ሰው ዓይን ይሰርቃል፤ ሰውዬው ኳሱንም አያይ፣ ወሬውንም አይሰማ።

ወደ መታጠቢያ ቤትና ወደ ኩሽና የሚወስደው መንገድ በቲቪው ፊት እንዳያልፍ አድርጉ። ከሶፋው ፊት ያለውን ዝቅ ያለ ጠረጴዛም አንሱት። ጎል ሲገባ እግር ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚነሳው፤ ብርጭቆው መጀመሪያ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ነው። መጠጡ ከጎን ባለ ኩርሲ ላይ ይቀመጥ።

ለወሬኞቹ ካርታ ወይም ሌላ በፈለጉ ሰዓት የሚቋረጥ ጨዋታ ይበቃል። ቼዝ አይሆንም፤ ጩኸትና ቼዝ አይስማሙም። ምግቡን ደግሞ በኳስ ተመልካቾቹና በወሬኞቹ መካከል አስቀምጡት። ሰው ሊያነሳ ሲመጣ እዚያው ቆሞ ያወራል፣ ሳታስቡት ይቀላቀላሉ።

4. ካልጠየቀ አታስተምሩት

"ይሄ ቅጣት ምት ይባላል" እያሉ 90 ደቂቃ ጆሮው ላይ መቆም ደግነት አይደለም። ከጠየቀ ግን አጭር መልስ ስጡት። ኦፍሳይድን በሦስት ብርጭቆ ማሳየት ይቻላል፤ አንዱ በረኛ፣ አንዱ ተከላካይ፣ አንዱ አጥቂ። ኳሱ ከኋላ ሲላክለት አጥቂው ከተከላካዩ አልፎ ከበረኛው ጋር ብቻውን ቆሞ ከነበረ ኦፍሳይድ ነው። ሌላውን ዝርዝር ለቲፎዞው ተዉት።

ከማስተማር ይልቅ ግምት ይሻላል። ሁሉም ውጤቱን በወረቀት ይጻፍ፣ ገንዘብ አይግባበት። ስለ ኳስ ምንም የማያውቀው ሰው ሲያሸንፍ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ደግሞ ያሸንፋል።

5. እረፍቱን አታባክኑት

ሁሉም ሰው አንድ ላይ የሚሆነው በእነዚህ 15 ደቂቃዎች ነው። የተንታኞቹን ድምፅ አጥፉት፣ ማንም አይናፍቃቸውም። ትኩሱ ምግብ ያኔ ይቅረብ፤ እስከዚያ በእጅ የሚበላና የማይንጠባጠብ ነገር ይበቃል።

6. ጭማሪ ሰዓት ከመጣ

90ው ደቂቃ አልቆ 30ው ሳይጀመር አጭር ፋታ አለ። መሄድ የሚፈልግ ሰው ካለ ያኔ በሩን ክፈቱለት። "ዋናው ገና መጣ እኮ!" ብላችሁ አታስቀሩት። ቲፎዞዎቹንም ለስንብት ከወንበራቸው አታስነሱ፤ እናንተው ውጡና ሸኙት። በዚያ መሃል ጎል ቢገባ ችግር የለም፣ በድጋሚ ያሳዩታል።